መርፌዋና የአቦይ ሀብተ ድምፅ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጃችን ናርዶስ ስትዳር፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ወጣት መጥቶ የኮቴ ደረት ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ለጠፈብኝ። የጥፍር መቁረጫ እንኳን አታክልም። ምን እንደሆነች ስጠይቀው ማይክ መሆኗን፣ ሽቦ እንደሌላት፣ ለምርቃቱ እንደሚፈልጋት ነገረኝ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋና የድምፅ ሌቭል ላስተካክል ነው፣ እስቲ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በሉልኝ አለ። ሳቄ መጣ። እኔ ሰውን አንድ ሁለት ሦስት ማስባል የተውኩት ይሄ ልጅ ቀርቶ አባቱም ሳይወለድ ነው። ሰው ሲቆጥር ድምፁ የራሱ አይደለም፤ አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ ይሆናል። ምሳ ምን በላህ ብለህ ስትጠይቀው ነው እውነተኛው ድምፁ የሚወጣው። ይህንኑ ላስረዳው አፌን ስከፍት ባለቤቴ ምሕረት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና፣ እዚህም ሱቅህን ልትከፍት ነው እንዴ አለችኝ። ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። ልቤ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ሄዶ ነበር፤ አስመራ ገብቶ ትልቁ ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ሽር ማለት ጀምሯል።

ኮምቢሽታቶ ላይ የምሠራበት ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ሲኞር ኤንሪኮ ይባላሉ፤ እዚያው አስመራ ተወልደው ያደጉ ጣሊያን ስለነበሩ ትግርኛ ሲናገሩ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ያገር ሽማግሌ ነው የሚመስሉት። እሳቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ ሰርግ በፊልም ይቀርጻሉ፤ ድምፁ ደግሞ የእኔ ነው። እኔ እዚያ ከተማ የገባሁት በልጅነቴ፣ አባቴ ሃምሳ አለቃ ሆኖ ሲዛወር፣ በወታደር ካሚዮን ላይ ዕቃ መሐል ተቀምጬ ነው። ትግርኛውንም ጣሊያንኛውንም የለቀምኩት መንገድ ላይ ነው። ሬዲዮ መጠገን እወድ ነበርና ሲኞር ኤንሪኮ አንድ ቀን የተበላሸ ቴፕ ሪከርደር ሰጥተው ሞከሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልለቀቁኝም። ያ ጊዜ መቼ ነበር ብትሉኝ፣ የኤርትራ ባንዲራ በኢትዮጵያ ከተለወጠ በኋላ፣ ንጉሡ ገና ሳይወርዱ ነው። ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ሆኗል፣ ሰው ደግሞ ቤቱ ሲገባ በራሱ ቋንቋ ነው የሚያወራው። ፖለቲካውን ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ማኪያቶው በስሙኒ እንደነበረና አረፋው ላይ ስኳር ብትነሰንስበት ቶሎ እንደማይሰምጥ ነው።

አመሻሽ ላይ ሱቁ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ለብሶ ይወጣል። የሚሄድበት ጉዳይ የለውም፤ ከዘንባባዎቹ ሥር ከላይ እስከ ታች ይመላለሳል፣ ያገኘውን ሰላም ይላል፣ ተመልሶ ያንኑ ሰው ደግሞ ሰላም ይላል። እኛ ወጣቶቹ ከታች የጠበበ ሱሪ፣ ሹል ጫማ፣ ካፖርቱን ደግሞ እጅጌው ውስጥ ሳንገባ ትከሻ ላይ ጣል። ብርድ ቢያንቀጠቅጠንም እጅጌ ማስገባት ነውር ነበር። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ከፍ አድርገው፣ ነጠላቸውን በቀሚሱ ላይ ስስ አድርገው ጣል። ከየቡናቤቱ ሬዲዮ ይሰማል፤ አንዱ በር ላይ ክራር፣ ቀጥሎ ያለው በር ላይ የጣሊያን ዘፈን። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቼ በእግር መሄድ ለጤና ነው ይሉኛል። እኛ ለጤና መሄዳችንን አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ሲኞር ኤንሪኮ፣ ከአሜሪካኖቹ ሰፈር ወደ አገሩ ከሚመለስ ወታደር የገዙትን ዕቃ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ገቡ። ሽቦ አልባ ማይክ። ኮቴ ላይ ከተለጠፈችው ጋር ዘመዳሞች ናቸው ብል የሚያምነኝ የለም። ማይኳ በክር አንገት ላይ ትንጠለጠላለች፤ ከሷ የሚወጣው ሽቦ ቀበቶ ላይ ወደምትታሰር፣ ሁለት የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን ይገባል፤ ሳጥኗ ድምፁን በአየር ትልካለች። እኔ ጋ ተቀባዩ አለ፤ እሱ ከቴፑ ጋር ይያያዛል። ካሜራው የሚያየውን ያያል፣ ቴፑ የሚሰማውን ይሰማል፣ ሁለቱን በኋላ ሲኞር ኤንሪኮ ያገናኟቸዋል። ሳጥኗ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል መዞሪያ አለች፣ ቴፑ ላይ ደግሞ ትልቅ መዞሪያና አንዲት መርፌ። ሰው ሲናገር መርፌዋ ትወዛወዛለች፤ ቀዩን ከረገጠች ድምፁ ተቀደደ ማለት ነው።

የሙያው ሁሉ ምስጢር የሳጥኗ መዞሪያ ነበረች። እዚያ ላይ ድምፁ ከበዛ፣ ቴፑ ላይ ብትቀንሰው የተቀደደው ድምፅ አነስ ብሎ ይመጣል እንጂ አይሰፋም። እዚያ ላይ ካነሰ ደግሞ፣ ቴፑ ላይ ከፍ ስታደርገው ሽ የሚለው የአየር ድምፅ አብሮ ከፍ ይልና ሰውየው ቆርቆሮ ላይ በሚወርድ ዝናብ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። ስለዚህ አስቀድሞ ተናጋሪውን በራሱ ድምፅ ማስወራት፣ ሳጥኗን በሱ ልክ ማስተካከል፣ ከዚያ ወደ ቴፑ መምጣት ነው። ሳጥኗ አንዴ ልብስ ሥር ከገባች እጅ አይደርስባትም። ሥራውን ከያዝኩ ጀምሮ ይህን ሳላደርግ የቀዳሁት ሰው አልነበረም፤ አቦይ ሀብተ እስኪመጡ ድረስ።

አቦይ ሀብተን አስመራ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም። ባቡር ጣቢያ ተሳፋሪ የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ያኔ ድምፅ ማጉያው አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆመው የማረፊያዎቹን ስም እየጠሩ "ነፋሲት! ጊንዳዕ! ባጽዕ!" ሲሉ ሻንጣውን ረስቶ የቆመ ሁሉ ይሮጣል። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሱቃችን ሲመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን አስከትለው ገቡና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡን፤ ቃል አልወጣቸውም። የተናገረችው ልጅቷ ናት። ታላቅ እህቷ ልትዳር መሆኑን ነገረችንና ቀጥላ፣

"ኣቦይ አይናገርም" አለች። "ድምፁን ለሰርጉ አስቀምጦታል። ከሰርጉ በኋላ ሓኪሞቹ ጉሮሮውን ይከፍቱታል፣ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለውም። ልጁን የሚመርቀው አንድ ጊዜ ነው። እሱን እንድትይዙልን ነው የመጣነው።"

ያቺ ልጅ ምሕረት ናት። ሐኪሙ የከለከላቸው መጮህ ብቻ ነበር አሉ፤ ጭራሽ ዝም ማለቱን የጨመሩበት እሳቸው ናቸው፣ ያለችው ጥቂት ድምፅ በከንቱ እንዳታልቅ። ሲኞር ኤንሪኮ ባርኔጣቸውን አወለቁና ይህን ሥራ ራሴ እቀርጻለሁ አሉ። ማይኳም ሽቦ አልባዋ እንድትሆን ቆረጡ፤ ዳስ ውስጥ ሽቦ ብትዘረጋ የማይረግጠው የለም፣ ደግሞ የደከመ ድምፅ ደረት ላይ ካልተጠጉት አይያዝም።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል ቴፑን ይዤ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የወይን ሐረግ የተጠመጠመበት በረንዳ ነበራቸው። ሻሂ ቀረበልኝ፣ ጠጣሁ፣ ማይኳን አቦይ ሀብተ አንገት ላይ ላንጠለጥል ስነሳ እጃቸውን አወዛወዙ። ለልክ ጥቂት ቃል ብቻ እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው፣ ያለዚያ መርፌዋን ማስተካከል እንደማልችል አስረዳኋቸው። በጣታቸው ጉሮሯቸውን፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አሳዩኝ። አንድ ቃል አልሰጡኝም። ያልሰማሁትን ድምፅ በምን እለካዋለሁ? ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ ምሕረት ሻሂዋን አስቀምጣ ተነሳች።

"ድምፁን እኔ አውቀዋለሁ" አለች። "ከልጅነቴ ጀምሬ አስመስለዋለሁ። ለኔ እሰርልኝ።"

ያባቷን ቀበቶ ቀሚሷ ላይ ታጥቃ ሳጥኗን አሰርንላት። እጇን ወደኋላ አጣምራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች። "ነፋሲት! ጊንዳዕ! ባጽዕ!" ስትል መርፌዋ ቀዩን አልፋ የሰሌዳዋን ጫፍ መታች፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አቦይ ሀብተ ያለ ድምፅ እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሳጥኗን ብዙ መቀነስ ነበረብኝ። ወደ ግራ ሲዞር እንደሚቀንስ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር እንደሚጨምር ለሷም አሳየኋት፤ በጥፍሯ ራሷ አዟዟረችው። ልኩ ከተገኘ በኋላ ምሳ ምን እንደበላች ጠየቅኋት፣ ከዚያ ትናንት ምን እንደበላች፣ ከዚያ የት እንደምትሠራ። የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ። ይሄኛው ጥያቄ ለማይኩ የሚጠቅም አልነበረም፤ እሷም እንደገባት ኋላ ነግራኛለች።

ስሕተቱ እዚያ ነው የተሠራው፣ ሁለታችንም አላየነውም። ልጅ አባቱን ሲያስመስል የሚያስመስለው በልቡ ያለውን አባት ነው። ምሕረት ያወጣችው የጣቢያውን ድምፅ ነበር፣ እሳቸው ጎልማሳ ሳሉ የነበራቸውን። እኔ ደግሞ መርፌዋን ማየት ሲገባኝ ልጅቷን ነበር የማየው።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። ሙሽራው ከዓዲ ኣበይቶ መንደር ነው፤ ሚዜዎቹ አቧራ እያስነሱ መጡ፣ ከበሮው ሲመታ ሰው ትከሻውን መያዝ አቃተው። ሲኞር ኤንሪኮ ካሜራቸውን ይዘው በርጩማ ላይ ወጥተዋል። እኔ ጥግ ላይ ካለች ጠረጴዛ ኋላ፣ ማዳመጫ ደፍቼ። አቦይ ሀብተ ከኮታቸው በላይ ጋቢ ደርበው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሳጥኗ ከነመዞሪያዋ ጋቢው ሥር ናት። ሽማግሌዎች ጸጥታ አስከበሩ። ሰው ሁሉ ያን የጣቢያ ድምፅ ጠበቀ። እሳቸው ግን "በስመ ኣብ" ብለው ሲጀምሩ የወጣው ሹክሹክታ ነበር፣ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት። መርፌዋ ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም።

የቴፑን መዞሪያ ከፍ አደረግኩት፤ ጆሮዬ ውስጥ ዝናቡ ወረደ፣ ከሥሩ የሰውየው ድምፅ ጠፋ። ምርቃት ደግሞ ተመልሶ አይጀመርም፤ እኚህ ሰው ነገ ድምፅ የላቸውም። ለጊዜው ለአገር ሰላምን፣ ለምድር ዝናብን እየለመኑ ነው፤ ቀጥሎ ሙሽሮቹ ይንበረከካሉ። ከሴቶቹ መሐል ምሕረትን በዓይኔ ፈለግኩ። አየችኝ። ራሴን ነቅንቄ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፣ በቀኝ ጣቴም መዞሪያ እንደሚያዞር ሰው አሳየኋት። የያዘችውን ትሪ ላንዷ አስታቅፋ ዳሱን መሐል ለመሐል አቋርጣ ሄደች።

ሙሽራ ሳትንበረከክ ያላገባች ታናሽ እህት ቀድማ ያባቷን ጉልበት ስትስም ማን አይቶ ያውቃል? አክስቷ ነጠላዋን ያዘቻት፤ ነጠላው እጇ ላይ ቀረ። ማጉረምረም ተሰማ። ምሕረት አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ግራ እጇ ጋቢው ሥር ገባ። መርፌዋ ብድግ አለች። የአቦይ ሀብተ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር፣ አጠገቤ የተቀመጡ ያህል። እሳቸው ንግግራቸውን አቁመው ቁልቁል አዩዋት። ሰው ይቆጧታል ብሎ ሲጠብቅ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

"ንዓኺ'ውን ጓለይ፣ ልብኺ ዝመረጾ ይሃብኪ" አሉ። ላንቺም ልጄ፣ ልብሽ የመረጠውን ይስጥሽ።

ከዚህ ቃል በኋላ የሚመጣውን ማንም ያውቀዋል። ዳስ ሙሉ ሰው አሜን ሊል ነው፣ ማይኳ ደግሞ አሁን ሹክሹክታ እንድትሰማ ተደርጋ ተከፍታለች፤ ያን አሜን ከሩቅ ስለሚመጣ ሳጥኗ ብትችለው እንኳ፣ ከፍ ያደረግኩት ቴፕ ላይ ይቀደዳል። "ይሃብኪ" ሲሉ የቴፑን መዞሪያ ወደ ግራ አዞርኩት፤ አሜኑ ቀጭን ሆኖ አለፈ፤ ወዲያው መለስኩት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ የሳቸውን ትንፋሽ እየጠበቅኩ፣ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ይዤው ሄድኩ። ለሙሽሮቹ የመረቁት አንዲት ቃል አልጠፋችም። ሲያልቅ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ሐኪሞቹ እንዳሉት ሆነ። አቦይ ሀብተ ከሆስፒታል ሲወጡ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ወፈር ብለው፣ ድምፅ የሌላቸው ሰው ሆነው ወጡ። በረንዳቸው ላይ ሻሂ ይጠጣሉ፣ አላፊ አግዳሚውን በባርኔጣቸው ሰላም ይላሉ። የቀዳነውን ቴፕ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተው አንድ ቀን እንኳን አላሰሙትም። ለራሳቸው መስማቱ ይከብዳቸው ይሆናል ትል ነበር ምሕረት። ይህን የምትነግረኝ ኮምቢሽታቶ ላይ ስንሄድ ነው፤ መጀመሪያ እሷ በወዲያኛው ጠርዝ እኔ በወዲህኛው፣ ኋላ ባንድ ጠርዝ፣ ኋላ ክንድ ለክንድ።

ሽማግሌ የምልክበት ጊዜ ሲደርስ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ከሩቅ የመጣ የወታደር ልጅ ነኝ። አቦይ ሀብተ በጎ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን ከአገሬው ወገን ለእንደኔ ያለ ልጁን መስጠት የማይወድ ብዙ ነበር፣ አክስቲቱም ይህ እንደማይሆን በግልጽ ተናግራለች። የሳቸውን ሐሳብ ደግሞ ማን ይጠይቃቸው? ያን እሁድ ጠዋት አባቴ ከአንድ ሻምበልና ከአንድ ቄስ ጋር ሲሄድ እኔ ሱቅ ገባሁ፣ እጄን ሥራ ላስይዘው። ቴፕ ሪከርደሩ ቦታው ላይ የለም። ሲኞር ኤንሪኮም የሉም፣ ቶፖሊኖ መኪናቸውም የለችም። ከሰዓት በኋላ ሰርግ ነበረን፤ ሰውየው ደግሞ ዕቃውን ይዘው የት ጠፉ ብዬ ንዴቴን በሳቸው ላይ አወጣሁ። ከጎን ካለው ቡናቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። አረፋው ሰመጠ፣ አልጠጣሁትም።

አባቴ ሲመለስ ቆቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ነው የመጣው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሱ ብዙ መናገር የማይወድ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረኝ። ሲገቡ አቦይ ሀብተ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀበሏቸው። ጠረጴዛው ላይ ቴፑ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሲኞር ኤንሪኮ። ለካ አቦይ ሀብተ በዋዜማው ሱቅ መጥተው መሣሪያውን በጣታቸው አሳይተዋቸው ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ተናገሩ፣ ሻምበሉ አሳምሮ ተናገረ፣ አክስቲቱ ጉሮሮዋን ጠራረገች። አቦይ ሀብተ እጃቸውን አንስተው አስቆሟትና ለሲኞር ኤንሪኮ ምልክት ሰጡ። ቴፑ ዞረ። ቤቱ ውስጥ፣ ሁሉም ጠፋ ያለው ድምፅ ተነሳና "ንዓኺ'ውን ጓለይ፣ ልብኺ ዝመረጾ ይሃብኪ" አለ።

"ከቴፑ አሜን የሚሉት ሰዎች ድምፃቸው አነሰብን" አለ አባቴ። "ሩቅ ሆኑብን። እኛው ሞላነው። ቄሱም፣ ሻምበሉም፣ እኔም። አክስቷም አለች።"

ከዚያ ማኪያቶዬን አንስቶ ጠጣውና ቀዝቅዟል አለ።

ወደ ናርዶስ ሰርግ ስመለስ፣ ካሜራው ፊት ተቀምጫለሁ፣ ልጁ ማዳመጫውን ደፍቶ ይጠብቀኛል። ልኩን ባለቤቴ ትስጥህ አልኩት። ምሕረት አየችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ኮቴ ጎንበስ አለችና "ነፋሲት! ጊንዳዕ! ባጽዕ!" አለች። ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ዘለለ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን። ቀንሳት እንጂ አልኩት፣ የሙያው ጌታ ነኝ ብዬ። ችግር የለም አባባ፣ ራሷ ትቀንሳለች አለኝ። ራሷ! ለካ እኛ በላብ የሠራነውን ይቺ የጥፍር መቁረጫ የምታህል ነገር ሳትጠየቅ ትሠራዋለች። ቅር ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አለኝ እንጂ።

ናርዶስና ባሏ መጥተው ተንበረከኩ። ለዚህ ቀን ስንት ሰሞን ያሰብኩት የአማርኛ ምርቃት ነበረኝ፣ ረዘም ያለ፣ የተዋበ። ጉልበቴን ስትስመኝ ግን እጄ ራሷ ላይ ወረደ፣ ከአፌ የወጣውም የእኔ አልነበረም። "ጓለይ፣ ልብኺ ዝመረጾ ይሃብኪ" አልኩ። ምሕረት ክንዴን ያዘችኝ። ጣቴ ከልማዱ የተነሳ ጭኔ ላይ ወደ ግራ ሊዞር ጀመረ። አጠፍኩት። አዳራሹ ሙሉ አሜን አለ፣ ያን አሜን ማንም ዝቅ አላደረገውም።